ለቤት ውስጥ የሙዚቃ ቀረጻ የትኛው የኮምፒውተር ፒያኖ ይመረጥ?

ባሕር ዳር፦ የሙዚቃ ቀረጻ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ ሰነባብቷል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ በሕዝቡ አጠራር “ኦርጋን” የሚባለው ኪቦርድ እና ጸጥ ያለ ክፍል ያለው ሰው ዜማውን ራሱ ቀርጾና አቀናብሮ ለአድማጭ ማድረስ ይችላል። በሰርግ ቤት የሚያገለግሉ ሙዚቀኞችም ሆኑ የአካባቢያቸውን የአጨዳና የአውድማ ዜማ በዘመናዊ ቅንብር ለማስቀመጥ የሚሹ ወጣቶች ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የግድ አይሆንባቸውም።

በዚህ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ የማይገባው እውነተኛው ፒያኖ ነው። 88 ቁልፎችና 230 ገደማ ሽቦዎች ያሉት፣ ክብደቱ በመቶ ኪሎ ግራሞች የሚቆጠር፣ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ቅኝቱ የሚዛባ መሣሪያ ነው። ዋጋው ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ ተገዝቶ ቢመጣ እንኳ በትናንሽ ከተሞች የሚቃኘውን ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የፒያኖ ድምፅ የሚፈልግ የቤት ቀራጭ የሚጠቀመው በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፒያኖን ነው፤ በሙያው ቋንቋ ቨርቹዋል ፒያኖ ፕለጊን ይባላል።

የእነዚህ ፒያኖዎች ዓይነት ብዙ ነው። በነፃ የሚገኙ አሉ፤ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጡም አሉ። ብዙ ሰው የሚመርጠው በዩቲዩብ የቀረበ ማሳያ አዳምጦ፣ ድምፁ ጆሮውን የሳበውን በማውረድ ነው። ማሳያውን የሚጫወተው ግን በሙያው የበቃ ፒያኒስት ነው፤ ኮምፒውተሩ ኃይለኛ፣ ኪቦርዱም ውድ ነው። ያው ፒያኖ ወደ መራጩ ቤት ሲመጣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ከክራሩ ጋር እየተጣላ፣ የወሩን የኢንተርኔት ጥቅል በልቶ ሊቀር ይችላል። ይህ ጸሐፊ በግብርና ኮሌጅ በተማረበት ጊዜ ስለ ምርጥ ዘር ከመነገሩ አስቀድሞ ስለ አፈር ይነገር ነበር። በፒያኖ ምርጫም ቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች ኮምፒውተሩ ምን ይችላል፣ ኪቦርዱ ምን ያስተላልፋል፣ ዘፈኑስ በየትኛው ቅኝት ነው የሚሉት ናቸው። የድምፁ ውበት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ፕለጊን ማለት ብቻውን ከመቆም ይልቅ በሌላ የመቅረጫ ሶፍትዌር ውስጥ ተሰክቶ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቪኤስቲ የተሰኘውን የመሰኪያ ሥርዓት እ.አ.አ በ1996 ካስተዋወቀ ወዲህ፣ አንዱ ኩባንያ የሠራው መሣሪያ በሌላው ኩባንያ መቅረጫ ውስጥ መሥራት ቻለ። ኪቦርዱ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ሲገናኝ የሚልከው ድምፅን ሳይሆን ሚዲ የሚባል መልእክት ነው። ሚዲ እ.አ.አ ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የመሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ ነው። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ ከ1 እስከ 127 ባለው ልኬት ምን ያህል በኃይል ተመታ፣ መቼስ ተለቀቀ የሚለውን ይናገራል። ይህንን መልእክት ተቀብሎ የፒያኖ ድምፅ የሚያወጣው ፕለጊኑ ነው።

ድምፁን የሚያወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ምርጫው ሁሉ የሚያርፈውም በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መንገድ ቅጂ ነው። እውነተኛ ፒያኖ በጥሩ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጥና እያንዳንዱ ድምፅ በዝግታ፣ በመጠኑ፣ በኃይል እየተመታ ይቀረጻል። ሳላማንደር ግራንድ ፒያኖ የተባለው በነፃ የሚሰጥ ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተቀዳው ያማሃ ሲ5 ከተባለ ትልቅ ፒያኖ ነው። ቀጂው ከዝቅተኛው ቁልፍ ጀምሮ በየሦስት ቁልፉ አንድ ድምፅ እየወሰደ 30 ቁልፎችን ቀርጿል፤ እያንዳንዱንም ቁልፍ ከለስላሳ እስከ ብርቱ በ16 የኃይል ደረጃዎች ቀድቷል። 30 በ16 ሲባዛ 480 ቅጂ ይሆናል ማለት ነው። በመካከል ያሉት ቁልፎች ደግሞ ከጎረቤታቸው ቅጂ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ እየተደረጉ ይሰማሉ። ይህ ሁሉ አንድ ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይወስዳል። በንግድ የሚሸጡት ከዚህ በብዙ እጥፍ የገዘፉ ናቸው። የስፔክትራሶኒክስ ኪስኬፕ፣ ሌሎች የኪቦርድ ዓይነቶችንም ጨምሮ፣ 77 ጊጋባይት ይመዝናል። ጋሪታን ሲኤፍኤክስ የሚባለው ደግሞ በሙሉ ይዞታው ከ100 ጊጋባይት ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ ስሌት ነው። በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ የሚገኘው ሞዳርት የተባለ ኩባንያ የሚያዘጋጀው ፒያኖቴክ ምንም የተቀዳ የፒያኖ ድምፅ አይዝም። መዶሻው ሽቦውን ሲመታ፣ ሽቦው ሲርገበገብ፣ የእንጨቱ ገበታ ሲያስተጋባ የሚሆነውን በሒሳብ ቀመር እያሰላ ድምፁን በዚያች ቅጽበት ይፈጥራል። በዚህም ምክንያት ይዞታው ጥቂት አሥር ሜጋባይት ብቻ ነው። ሥራው ግን የኮምፒውተሩን አንጎለ ኮምፒውተር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ ያደክመዋል።

ልዩነቱን በሰዓት እናስላው። በሰከንድ 1 ሜጋባይት በሚያወርድ መስመር 77 ጊጋባይት ለማውረድ ያለ ማቋረጥ 21 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሳላማንደርን ለማውረድ ሩብ ሰዓት ወይም ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃል። ፒያኖቴክ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሥፍራ፣ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው፣ ይህ ስሌት ከየትኛውም ማሳያ ቪዲዮ በፊት ሊሠራ ይገባል። ሳላማንደር ሌላም ጥቅም አለው፤ የባለቤትነት ፈቃዱ ማባዛትን ስለሚፈቅድ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለአሥር ጓደኞቹ ቢያካፍለው ሕግ አይተላለፍም።

ከማውረድ ቀጥሎ የሚመጣው የላፕቶፑ አቅም ነው። የቅጂ ፒያኖ የራምንና የዲስክን ጉልበት ይበላል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና መቅረጫው ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለትልቅ ፒያኖ የሚተርፍ ቦታ የለም። 8 ጊጋባይት ራም ላለው እንደ ሳላማንደር ያለ መካከለኛ ስብስብ ይስማማዋል። የሚሽከረከር ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ቅጂዎቹን ፈልጎ እስኪያመጣ ድምፅ ሊቆራረጥበት ስለሚችል፣ ገንዘብ ካለ ከውድ ፒያኖ ይልቅ በኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ማዋሉ ይመረጣል። ይህ የጸሐፊው ምክር ነው፤ ነጋዴው ግን እምብዛም አይናገረውም። በስልክ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎችም የቪኤስቲ ፕለጊን በአንድሮይድ ስልክ ላይ እንደማይሠራ ከወዲሁ ሊያውቁ ይገባል።

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ችግር ግን የድምፅ መዘግየት ነው። ጣት ቁልፉን ነክቶ ድምፁ ዘግይቶ ሲሰማ ሰውየው ፒያኖው መጥፎ ይመስለዋል፤ አጥፍቶም ሌላ ያወርዳል፤ ሌላውም ያው ይሆንበታል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ፒያኖው አይደለም። ኮምፒውተሩ ድምፅን የሚያወጣው በጠብታ ሳይሆን በባልዲ እየሞላ ነው፤ የባልዲው መጠን በሙያው ቋንቋ በፈር ይባላል። በሰከንድ 44 ሺህ 100 ናሙና በሚሠራ ቀረጻ ላይ በፈሩ 1 ሺህ 24 ናሙና ከሆነ በዚህ ብቻ 23 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህን ጣት ያውቀዋል። ወደ 256 ሲወርድ መዘግየቱ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል፤ ተጫዋቹም ልዩነቱን እምብዛም አይሰማውም። በሌላ በኩል በፈሩ ባነሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ይጨነቃል፤ ድምፁም መንጣጣት ይጀምራል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ የራሱ የድምፅ ካርድ የሌለው ሰው ኤሲዮ ፎር ኦል የተባለውን ነፃ ድራይቨር በመጫን መዘግየቱን መቀነስ ይችላል። ሲጫወቱ በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ጨርሶ አይመከርም። ብሉቱዝ ራሱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል የተቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ባለገመዱ ርካሽ ማዳመጫ ይሻላል።

ወደ ኪቦርዱ እንሂድ። በየቤቱ ያለው ኦርጋን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁልፉ በዝግታ ሲነካ ለስላሳ፣ በኃይል ሲመታ ብርቱ ድምፅ የሚሰጥ ነው። ሌላው፣ በተለይ ርካሹና ለልጆች መለማመጃ የሚሸጠው፣ እንዴትም ቢመታ አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ይህኛው ለኮምፒውተሩ የሚልከው የኃይል ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነው። በዚህ ኪቦርድ ሳላማንደርን የሚጫወት ሰው ከ16ቱ የኃይል ደረጃዎች የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው፤ 15ቱ ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። 77 ጊጋባይት አውርዶ ቢሆን ደግሞ ጉዳቱን መገመት ይቻላል። ስለዚህ ፒያኖ ከመግዛት በፊት መቅረጫው ውስጥ ጥቂት ድምፆችን በዝግታና በኃይል መትቶ፣ የተመዘገቡት የኃይል ቁጥሮች መለያየታቸውን ማየት ያሻል። ካልተለያዩ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት በተሻለ ኪቦርድ ላይ ነው። የእግር ፔዳልም እንደ ትርፍ ዕቃ መታየት የለበትም፤ ያለ ፔዳል የተቀረጸ ፒያኖ የተቆራረጠ ንግግር ይመስላል። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ግን ለዘፈን አጃቢነት ይበቃል።

እስካሁን የተነገረው በየትኛውም ሀገር ላለ የቤት ቀራጭ የሚሆን ነው። ለእኛ ሀገር ዜማ የሚሠራ ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለበት፤ እርሱም ቅኝት ነው።

ዘመናዊው ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍላል። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ደረጃ በ100 ጥቃቅን መለኪያዎች ይከፋፍሉና ሴንት ይሏቸዋል፤ ሙሉው ኦክታቭ 1 ሺህ 200 ሴንት ይሆናል። የክራር ደርዳሪ ግን ይህንን አያሰላም። አንዱን ጅማት ይዞ ሌላውን ከእርሱ ጋር እስኪስማማ ድረስ በጆሮው ያጠብቃል ወይም ያላላል። በጆሮ ጥርት ብሎ የሚስማማው አምስተኛ ድምፅ፣ ለምሳሌ ከዶ እስከ ሶል፣ 702 ሴንት ነው፤ በፒያኖ 700 ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ኢምንት ነው። የትዝታን ድምፆች፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላን፣ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሚ እየተሸጋገረ በአምስተኛ የሚቃኝ ደርዳሪ ግን ሚ ላይ ሲደርስ 408 ሴንት ላይ ያርፋል። ሚን በቀጥታ ከዶ ጋር እንዲጣፍጥ አድርጎ የቃኘ እንደሆነ ደግሞ 386 ላይ ይገኛል። የፒያኖው ሚ 400 ላይ ስለሚቆም ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ጥቃቅን ይመስላል። በጆሮ ግን ይሰማል። 440 ኸርዝ አካባቢ ባለ ድምፅ ላይ ክራሩና ፒያኖው በ8 ሴንት ቢለያዩ፣ አብረው በተሰሙ ጊዜ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በ14 ሴንት ቢለያዩ ከሦስት ጊዜ በላይ ይሆናል። አድማጩ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ “ክራሩ ወርዷል” ይላል። ክራሩ ግን በራሱ ቅኝት ላይ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ጠባብ ርቀቶች ባሉት በአንቺሆዬ ላይ ግጭቱ ይበልጥ ያስታውቃል። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ ምድር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ በሀገራቸው ሲቀረጹ የፒያኖው ልክ ሳይታሰብበት የእነርሱን ቦታ ቢወስድ ለሰሚው የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ክራሩን ከፒያኖው ጋር መቃኘት ነው፤ ቀላል ነው፤ ብዙ ስቱዲዮዎችም የሚያደርጉት ይህንን ነው። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት የተከፋፈለ ገበታ ስለሌለው ተጫዋቹ በጆሮው ተከትሎ ከፒያኖው ጋር መግጠም ይችላል፤ የሰው ድምፅም እንዲሁ። ዋሽንት ግን እሺ አይልም። ቀዳዳዎቹ አንዴ ተበስተዋል፤ ተጫዋቹ በትንፋሹ ጥቂት ከፍ ዝቅ ቢያደርገው እንጂ እንደ ክራር ጅማት ሊያጠብቀው አይችልም። ከዋሽንት ጋር ሲቀረጽ ወደ ሌላው መጠጋት ያለበት ፒያኖው ነው። እዚህ ላይ የኮምፒውተር ፒያኖ ከእውነተኛው የሚበልጥበት ቦታ ይገኛል። እውነተኛውን ፒያኖ ለአንድ ዘፈን ብሎ 230 ሽቦ የሚያላላ የለም፤ በፕለጊን ግን አጠቃላይ የቅኝት መዘውሩን ከ440 ኸርዝ ወደ ሚፈለገው ማዞር የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።

ሁለተኛውና የጠለቀው መፍትሔ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ መቃኘት ነው። ይህን የሚፈቅዱት ሁሉም ፒያኖዎች አይደሉም፤ ለሀገር ባህል ሙዚቃ የሚገዛ ሰውም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። ስካላ የሚባል፣ የቅኝት ደረጃዎች በሴንት የሚጻፉበት ቀላል የጽሑፍ ፋይል አለ። ፒያኖቴክ ከፍ ባሉት የሽያጭ እርከኖቹ ይህንን ፋይል ይቀበላል። ሳላማንደርን ለመጫወት የሚያገለግለው የፕሎግ ኩባንያ ነፃ ማጫወቻ፣ ስፎርዛንዶም፣ ይቀበላል። ሥራው እንዲህ ነው፤ የክራሩ ጅማቶች አንድ በአንድ እየተደረደሩ በስልክ ላይ በሚጫን የቅኝት መለኪያ ይነበባሉ፤ የተገኙት ቁጥሮች ወደ ፋይሉ ይገባሉ፤ ፒያኖውም በዚያ ይቃኛል። ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ክራር አንዴ የተሠራው ፋይል ያ ክራር በዚያው ልክ እስከተቃኘ ድረስ ደጋግሞ ያገለግላል።

ስለ ድምፁ ጠባይም ጥቂት እንበል። ለትልቅ አዳራሽ የተሠራው ግራንድ ፒያኖ ደማቅ ነው፤ ከባንድ ጋር ሲጫወት ጎልቶ ይወጣል። ከማሲንቆና ከአንድ ድምፃዊ ጋር ብቻ ሲቀርብ ግን ይጫናል። ለእንዲህ ያለው ዘፈን በቤት ግድግዳ ጥግ የሚቆመው አነስተኛው ፒያኖ፣ ወይም በመዶሻውና በሽቦው መካከል ጨርቅ ጣልቃ የገባበት ለስላሳ ፒያኖ ይስማማል። የለንደኑ ስፒትፋየር ኦዲዮ ላብስ በሚለው ስብስቡ ውስጥ በነፃ ሲሰጥ የቆየው ሶፍት ፒያኖ ከዚህ ወገን ነው። ከአዳራሽ ማስተጋባት ጋር ተቀድቶ የመጣ ፒያኖ በጠባብ ክፍል ከተቀዳ ድምፃዊ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ በተለያየ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ማስተጋባት የሌለውን መርጦ፣ ኋላ ለሁሉም በአንድነት መጨመር ይሻላል።

ፒያኖ ለሀገራችን ዜማ እንግዳ ነው የሚል ካለ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ ያዳምጥ። እ.አ.አ በ1923 ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እኒህ መነኩሲት የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ ለዓለም ያሰሙ ናቸው። ሱቬኒርስ በሚል ርእስ እ.አ.አ በ2024 የወጣው አልበማቸው ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በቤት ውስጥ፣ ፒያኖ እየተጫወቱና እየዘመሩ በካሴት የቀዱት ነው። የቴፑ ሹክሹክታና የክፍሉ ድምፅ አብሮ ይሰማል። ማንም ግን በዚህ ምክንያት አይዘጋውም። እርሳቸው የነበራቸው እውነተኛ ፒያኖ መሆኑ ልዩነት ቢሆንም፣ በቤት የሚቀረጽ ፒያኖ እንከን የለሽ መሆን እንደማይጠበቅበት ያሳያል። ብዙዎቹ ፕለጊኖች የመዶሻውን ኳኳታ፣ የፔዳሉን ትንፋሽ፣ የቅኝቱን መጠነኛ መዛባት የሚጨምሩባቸው መዘውሮች አሏቸው፤ እነዚህን ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት በፊት ማዳመጥ ተገቢ ነው።

የገንዘቡ ነገር ቀላል አይደለም። ፒያኖቴክ በዝቅተኛ እርከኑም ቢሆን ከ100 ዩሮ በላይ ያወጣል፤ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ለብዙዎች መንገዱ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያለ ዘመድን መለመን ነው። ዘመድን ከማስቸገር በፊት የመሞከሪያ ቅጂውን መጠቀም ይቻላል፤ የፒያኖቴክ መሞከሪያ ጥቂት ቁልፎቹ ተዘግተው በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ይሠራል፤ በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ መሥራት አለመሥራቱን ለመለየት ከበቂ በላይ ነው። ሪፐር የተባለው መቅረጫ 60 ቀን ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ ዋጋው 60 ዶላር ነው። ሲገዙ አንድ ወጥመድ አለ። ኮንታክት በሚባለው ማጫወቻ የሚሠሩ አንዳንድ ፒያኖዎች ርካሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሚሠሩት በሚሸጠው ሙሉ ኮንታክት ብቻ ነው፤ በነፃው የኮንታክት ማጫወቻ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዝም ይላሉ። ፒያኖው 30 ዶላር፣ ማጫወቻው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በየጊዜው ኢንተርኔት ካላገኘ የማይከፈት ሶፍትዌርም ኔትወርክ በሚጠፋበት አካባቢ አይታመንም።

በየፍላሹ የሚዘዋወረው የተሰበረ ሶፍትዌር፣ በተለምዶ “ክራክ” የሚባለው፣ ነፃ ይመስላል። ከእርሱ ጋር የሚመጣው ቫይረስ ግን የወራት ቀረጻ ያለበትን ላፕቶፕ ሊያጠፋ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራን እንደሚጠብቅ ሁሉ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ዘፈኔ ያለ ፈቃዴ ተሰራጨ ብሎ በዚህ አዋጅ ለመክሰስ የሚያስብ ሙዚቀኛ ዘፈኑን በምን እንደሠራው ሊጠየቅ ይችላል። ሕጋዊና ነፃ የሆኑት ሳላማንደርና ስፎርዛንዶ እያሉ ወደዚያ የሚገፋ ብርቱ ምክንያት አይታይም። በጸሐፊው እምነት አብዛኛው ጀማሪ የቤት ቀራጭ በእነዚህ ሁለቱ ቢጀምር አይጎዳም፤ ወደ ፒያኖቴክ መሻገር የሚገባው የቅኝት ሥራው ሲጠልቅበት ወይም የላፕቶፑ ዲስክ ሲጠብበት ነው።

ለመምረጥ የቀረበን ፒያኖ መፈተኛ መንገድ አለ። አምራቹ ያዘጋጀውን ማሳያ ትቶ የራስን ዘፈን አንድ አዝማች በሚዲ መቅረጽና ያንኑ ሚዲ በሁለት ወይም በሦስት ፒያኖዎች ማጫወት ነው። የሁሉም ድምፅ መጠን እኩል መሆን አለበት፤ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ያታልላል። ቀጥሎ ክራሩን ወይም ድምፃዊውን ከበላዩ ማስገባትና ምርጫውን በዚያ ላይ ማድረግ ይገባል፤ ለብቻው ያማረ ፒያኖ በድምፃዊ ሥር ሲሆን የሚያደናቅፍበት ጊዜ ብዙ ነውና። ጆሮ ሲደክም ስለሚሳሳት በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ማዳመጥ ጥሩ ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያም መሞከር አለበት፤ አብዛኛው አድማጭ የሚሰማው በዚያ ነው።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ የፒያኖውን ድምፅ ብቻ አውጥቶ ማስቀመጥ አይበቃም። የሚዲው ፋይል፣ የስካላው ፋይል ካለ እርሱም፣ የፒያኖው ስምና የተቀናበረበት ልክ በማስታወሻ ተጽፎ ከላፕቶፑ ውጭ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ሊቀመጥ ይገባል። ሚዲ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ዛሬ በትንሽ ፒያኖ የተጫወቱት ዘፈን ከዓመታት በኋላ የተሻለ ላፕቶፕና የተሻለ ፒያኖ ሲገኝ፣ አንዲት ቁልፍ ዳግመኛ ሳይነካ፣ በአዲሱ ድምፅ መልሶ መውጣት የሚችለው ይህ ፋይል ካልጠፋ ነው።